የወፍ በሽታ የያዛት ዶሮ

በደርግ ጊዜ ገርጂ ገና ግማሹ እርሻ ነበር። ባለቤቴ የእንስሳት መኖ ባለሙያ ስለነበር ጓሯችን ውስጥ የፈረንጅ የሥጋ ዶሮ እናረባ ነበር። የምንመግባቸው የኑግ ፋጉሎ ከገበያ ሲጠፋ ደብረ ዘይት ወርዶ፣ ከአንዱ ሐይቅ አረንጓዴ ውሃ በጀሪካን ሞልቶ መጣ። ውሃው ውስጥ በዓይን የማይለይ ደቃቅ አልጌ አለ፣ ለዶሮ ከፋጉሎ ይበልጣል አለኝ። ማጥለያ ሲያጣ የሰርጌን ነጠላ ወሰደ። ለጥቂት ቀን አኮረፍኩት።

ያጠለለውን ዝቃጭ ቆርቆሮ ላይ ሲያሰጣው ሰፈሩ ዓሣ ዓሣ ሸተተ። ጎረቤት ከሶ ኖሮ የቀበሌው ሊቀመንበር ሽጉጡን ታጥቆ መጣ።

«ጓድ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የዶሮ መኖ።»

«መርዝ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ባለቤቴ ከደረቀው ቆንጠር አድርጎ አኘከ። ፈገግ ሲል ጥርሱ በሙሉ አረንጓዴ ነበር። ሊቀመንበሩ ወደ ኋላው ሸሸት አለና ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቅ ሄደ።

ከፉርሽካ ጋር በትንሽ በትንሹ እየተደባለቀ ሲሰጣቸው ዶሮዎቹ ደህና አድርገው ወፈሩ። ለፋሲካ ሊቀመንበሩን ጋበዝነው፤ ወደን አይደለም። እሱም ሃይማኖት የለኝም ባይ ቢሆንም የፋሲካ ዶሮ አይንቅም ነበር።

አማቴ ዶሮዋን ሲበልቱ ቆዳዋም ስቧም እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ አገኙት። ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ይቺማ የወፍ በሽታ ይዟታል።»

«እማዬ፣ ቀለሙ ከመኖው ነው» አለ ባለቤቴ።

«ምን ታውቃለህ? የወፍ በሽታ ወፍ ካልያዘ ማንን ሊይዝ ነው?»

እሳቸውም መጀመሪያ እሱ እንዲቀምስ አስምለውት መበለታቸውን ቀጠሉ። በርበሬው ከገባ በኋላ ቢጫውን ከነጩ የሚለይ አልተገኘም። በዚያ ዘመን እኩልነት የሚሉትን ነገር በዓይኔ ያየሁት ድስት ውስጥ ነው።

ሊቀመንበሩ አንዱን ፈረሰኛ ጨርሶ ሌላ ፈለገ። ምስጋናውም ትእዛዝ ሆኖ መጣ፤ ባለቤቴ እሁድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ስለ አልጌ እንዲያስረዳ አዘዘው።

ባለቤቴ ሌሊቱን ሲዘጋጅ አድሮ፣ ከረባት አስሮ ስለ ፕሮቲን ረጅም ንግግር አደረገ። ግማሹ ሰው አንቀላፋ። ጥያቄ ካለ ሲባል አንዲት አሮጊት እጃቸውን አወጡ። ባለቤቴ ፊቱ በራ።

«ልጄ» አሉት፣ «የቀበሌው ሱቅ ስኳር መቼ ነው የሚመጣው?»