የነጃት መቀስ

ልጅ ሳለሁ ሐረር ፈላና በር አጠገብ ተከራይተን ስንኖር፣ አከራያችን የጓደኛዬ የነጃት አያት ነበሩ፤ በከተማው ለትልቅ ሴት እንደሚባለው «አባይ» እንላቸው ነበር። ያኔ ማታ መብራት ሲጠፋ ኩራዙን ያበሩና መኪና ግርግር ከሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች ለቃቅመው ያመጡትን ብጣሽ ጨርቅ ጭናቸው ላይ ዘርግፈው፣ ተረት እየነገሩን ይሰፉ ነበር። አሰፋፋቸውን ላስረዳ፦ ልኬት የለ፣ ንድፍ የለ። ተረቱ ውስጥ ሙሽራ ስትመጣ አንድ ብጣሽ ይቀጠላል፣ ጅብ ሲመጣ ሌላ። እየመረጠች የምታቀብለው ግን ሁልጊዜ ነጃት ነበረች።

እኔ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር ልጅ ነኝ። አባይ ለእኔ ብለው በአማርኛ ይጀምሩና ጥሩው ቦታ ላይ ሲደርሱ ሳያውቁት ወደ ሐረሪ ቋንቋቸው ይሻገራሉ፤ ነጃት ትስቃለች፣ እኔም ሳይገባኝ ተከትያት እስቃለሁ። ምነው አንድ ቀን እንኳ እኔ ባቀብል!

አንድ ከሰዓት ነጃት ቁርአን ቤት ሳለች፣ የአባይን የከሰል ካውያ በፍም ሞልቼ ብጣሹን ሁሉ ተኮስኩት፤ በማስመሪያ እየለካሁም እኩል እኩል ካሬ አድርጌ ቆረጥኩት። ማታ አባይ ክምሩን ገላልጠው አዩ።

«ጎበዝ ልጄ፣ ደክመሻል» አሉኝ። «ግን ሁሉም አንድ ሰው ሆኑብኝ። ሙሽራዋ የቷ ናት? ጅቡስ?»

ነጃት መቀሱን አነሳችና አንዱን ካሬ በሰያፍ ሸረከተችው። «ይኸው ጅብ! ወላሂ፣ ሲያነክስ አያችሁት?»

አባይ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጨርቁ እውነትም ያነክስ ነበር። የኩራዙ ጭስ ነው ብዬ ዓይኔን አሸሁ።

ከዚያ ወዲህ ማስመሪያ አልነካሁም። ማንም ሳያስተምረኝ፣ እየቀደድኩና እየተረተርኩ፣ እናቴ «ድሪቶ» የምትለውን፣ እኔ ግን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ የምሰቅለውን መስፋት ለመድኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ አስረዳለሁ፦ መጀመሪያ ቁረጥ፣ ከዚያ ጨርቁ ምን መሆን እንደሚፈልግ እይ።

ነጃት ዛሬ ኤረር በር ፋርማሲ ትሠራለች፤ አዝራር እንኳ የምትተክልላት እህቷ ናት። በቀደም መጥታ ወራት የታገልኩትን ሥራ ሻይዋን እየጠጣች አየችና፣ «አንቺ፣ ቢጫውን አዙሪው እንጂ፣ ጀርባውን ሰጥቶን የለ እንዴ!» አለች። ስትወጣ ተርትሬ አዞርኩት።

ልክ ነበረች። አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም። ከአባይ ተረቶች ብዙው ደብዝዞብኛል፤ ያ ቅናት ግን ስንቴ ታጥቦም ቀለሙን አልለቀቀም።