ማንሆል ላይ ቁጭ ብዬ ሽማግሌ የላክሁ ቀን

ሐዋሳ ውስጥ እንደኔ ባንዲራ የሚያውለበልብ የለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፣ እውነት ነው። ባንዲራ ስል የሰልፉን አይደለም፤ የመንገዱን ነው። ቀይ ቁም፣ አረንጓዴ እለፍ። አዲስ ከተማ ጫፍ ላይ ያረጀው የፍሳሽ ፓምፕ በአዲስ ሲተካ መንገዱ ግማሹ ተቆፍሮ በአንድ መስመር ብቻ ነበር የሚኬደው፤ ያን ሁሉ መኪና የማሳልፈው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ጥላኝ ሄዳለች። ግን ያቺን የምታንጸባርቅ ሰደርያ ለብሼ ሄልሜት ሳደርግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ "ኢንጂነር፣ በዚህ ይታለፋል?" ይሉኛል። እኔም ሰማይ ሰማይ እያየሁ "ለጊዜው አይቻልም" እላለሁ። ኢንጂነር እንደዚያ ነው የሚያየው።

ስለ ፓምፑ ላስረዳችሁ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። ከኮንዶሚኒየሙና ከዙሪያው ቤት የሚወጣው የሽንት ቤትና የእጥበት ውሃ በቱቦ ወርዶ ወርዶ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ ወደ ማጣሪያው ዳገት ነው። ፍሳሽ ደግሞ ብቻውን ዳገት አይወጣም፣ የሚገፋው ይፈልጋል። የሚገፋው ያ ፓምፕ ነው። አሮጌው ታዲያ አስም እንዳለበት ሰው እያሳለ ነበር የሚገፋው። ሲሰራ አጥሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሳይሰራ ሲቀር ሰፈሩ በሙሉ አፍንጫውን ይዞ ይሄዳል።

እና ሊቀየር ነው ሲባል ሰው ደስ ያለው ይመስላችኋል? መንገዱ ሲቆፈር ነው ሰድቦ የማያውቅ ሰው ስድብ የለመደው። ገልባጩ አቧራውን ያለብሳል፣ ዝናብ ሲመጣ ያው አቧራ ጭቃ ይሆናል፣ ባጃጅ በሌላ ሰፈር ዞሮ ይመጣል። የሚሰደበው ደግሞ መንገድ ላይ የቆመው ነው። ማን ቆሟል? እኔ።

ከሁሉም የባሱት ማዘር ነበሩ። ማዘር ማለት ከፓምፑ ጎን ፉልና ጨጨብሳ የሚሸጡ ሴትዮ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ አንዲት ልጃቸውን ያሳደጉት በዚያች ቁርስ ቤት ነው። በራቸው ላይ ቦይ ሲቆፈር ደንበኛው ጠፋ። ማን በሳንቃ ተንጠላጥሎ ፉል ሊበላ ይሄዳል?

ሳንቃውን የዘረጋሁላቸው እኔ ነኝ። የኔ ጉድም የጀመረው እዚያ ሳንቃ ላይ ነው። ልጃቸው ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሰራው። ጠዋት ስትወጣ፣ ማታ ስትመለስ ትሻገራለች፤ እኔም እጇን ይዤ አሻግራለሁ። ሳንቃው በሬ ቢያልፍበት ንቅንቅ አይልም፤ እኔ ግን "ይሄ ሳንቃ አይታመንም" እላታለሁ።

"ሌላውን ሰው ለምንድነው የማትይዘው?" አለችኝ አንድ ቀን።

"ሌላው ሰው ይውደቅ" አልኳት።

ሳቀች። በቃ፣ አለቀልኝ።

ከወራት በኋላ ሽማግሌ ልልክ ነው ስላት ፊቷ ኮስተር አለ። "እማዬ እሺ ካለች እሺ ነኝ። እምቢ ካለች ግን ጠፍቼ አልመጣልህም። ከሷ ተጣልቼ የምገባበት ትዳር የለም" አለችኝ። እኔ ያለሷ ማንንም አላገባም ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ አውርቻለሁ። ስለዚህ ነገሩ ያለው ማዘር አፍ ላይ ነው። ማዘር ደግሞ በስሜ እንኳን አይጠሩኝም፣ "ባለ ጨርቅ" ነው የሚሉኝ።

"አንተ ባለ ጨርቅ፣ ይሄን ጉድጓድ መቼ ነው የምትደፍኑልኝ?"

"በቅርቡ ማዘር። እኔ ራሴ እያፋጠንኩት ነው።"

"አንተ የምታፋጥነው ጨርቁን ነው።"

ሽማግሌ ሁለት አዘጋጀሁ። አንደኛው አጎቴ ነው፤ መናኸሪያ ልብስ ሰፊ ነው፣ ሰው ፊት ሲናገር ያምርበታል። ሁለተኛው የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው እንኳን ሊዋሹ፣ ሰው ሲዋሽ ሲሰሙም ያማቸዋል። ለአጎቴ ሥራዬን ትንሽ አሳመርኩለት፤ "የፕሮጀክቱ የትራፊክ ኃላፊ ነኝ" አልኩት። ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ተባለ። ልጅቷም ለእናቷ ሰው ይመጣል ብቻ አለቻቸው፤ ማን እንደላካቸው ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይንገሯት ብላ። እንደምታውቁት ሽማግሌ ሲሄድ ጠያቂው አይሄድም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል። የኔም እቅድ ጥፍር መብላት ነበር።

ከአሮጌው ፓምፕ ወደ አዲሱ የሚዛወሩበት ቀን ግን አንድ ቫልቭ አልደርስ ብሎ ተገፍቶ ተገፍቶ ቅዳሜ ጠዋት ላይ አረፈ። ዋዜማውን ኢንጂነሯ ሰበሰበችን። ከኔ ብዙ የማትበልጥ ልጅ ናት፤ ስትቆጣ ግን ፎርማኑ ሳይቀር ይደበቃታል።

"ነገ አሮጌውን ፈትተን አዲሱን እስክናገናኝ የሚመጣው ፍሳሽ መሄጃ የለውም" አለች። "ጉድጓዱ ትንሽ ይይዝልናል፣ የቀረውን ቦቴው ይመጠዋል። ሰፈሩ ግን እስከ እኩለ ቀን ውሃ መድፋት የለበትም። ማን ይነግርልናል?"

ለቅዳሜ ፈቃድ ልጠይቅ የመጣሁት ሰውዬ እጄን አወጣሁ። "ይሄ ሰፈር በኔ ቃል ነው የሚያድረው" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት።

ሜጋፎን ይዤ ባጃጅ ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ እንደታዘዝኩት ነው ያልኩት፤ "የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ነገ የፍሳሽ ፓምፕ ስለሚቀየር እስከ እኩለ ቀን ልብስ ባለማጠብና ውሃ ባለመድፋት እንድትተባበሩን..." ዞር ያለልኝ ሰው የለም። ደጇ ላይ ድንች የምትልጥ ሴትዮ ጎረቤቷን "ምን እየሸጠ ነው?" ስትላት ሰማሁ። "ጫማ መሰለኝ" አለቻት።

ክብሬ ተነካ። በሚቀጥለው መታጠፊያ አሳጠርኩት።

"ነገ ውሃ የለም!"

ወይ ጉድ! በር ተከፈተ፣ መስኮት ተከፈተ፣ ሰው ከነሳሙናው ወጣ። "እስከ ስንት ሰዓት?" አሉኝ። "ቀኑን ሙሉ!" ጨመርኩላቸው። ውሃ የለም ብለው ካመኑ ቧንቧ አይከፍቱም፣ ካልከፈቱ አይደፉም። ኢንጂነሯ ያን ሁሉ ተምራ ያላሰበችውን እኔ በባጃጅ ላይ አሰብኩት። ያን ቀን ማታ ራሴን እያደነቅሁ ነው የተኛሁት።

ግን የሐዋሳ ሰው ውሃ ሊጠፋ ነው ሲባል ምን እንደሚያደርግ ረሳሁት። እኔ ራሴ የማደርገውን! በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን ይሞላል። እሱስ ይሁን፤ አሮጌው ፓምፕ ገና እየሰራ ነበር። ጠዋት ተነስቶ ቧንቧውን ሲሞክረው ግን ውሃው አለ! ማን ይዘጋዋል? የዘጋው የለም። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ የተናገረው አንድ ቃል ነው፤ "ሳይሄድ!" ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ የተማሪ ጂንስ፣ ሕፃን ልጅ፤ የሚታጠብ ነገር በሙሉ ታጠበ። የማይታጠበውም ታጠበ።

አሮጌው ፓምፕ ተፈትቶ መሬት ላይ ተጋድሟል። ኢንጂነሯ ጉድጓዱን ጎንበስ ብላ አየች፤ በሳሙና አረፋ ጢም ብሎ ወደ ላይ ይመጣል። ቀና ብላ ኮንዶሚኒየሙን አየች። በረንዳው ከላይ እስከ ታች ልብስ ተሰቅሎበታል።

"ምንድነው ያልካቸው?"

"ውሃ የለም አልኳቸው።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከሄልሜቴ እስከ ጫማዬ አየችኝ። "ቦቴውስ?" አለች። ቦቴው በዚያች በአንዷ መስመር ከገልባጭ ጋር አፍ ለአፍ ገጥሞ ቆሟል። የሚያሳልፋቸው ሰው የለማ! አሳላፊው እዚህ ቆሞ ይገላመጣል።

"ከሞላ መጀመሪያ የሚወጣው ዝቅ ባለው ማንሆል ነው" አለች። ዝቅ ያለው የት እንዳለ አውቃለሁ። ማዘር ግቢ፣ የሳሎኑ በር ፊት ለፊት። ባንዲራዬን ለፎርማኑ ወርውሬለት ሮጥኩ።

ስገባ ግቢው ጥርግ ብሏል፣ ከማድ ቤት ቆጮው በቅቤ የታሸበት ቡርሳሜ ይሸታል፣ ማዘር አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል። የማንሆሉ ክዳን ኮንክሪቱ ከተሰበረ ቆይቶ በቀጭን ብረት የተተካ ነው፤ እሱም ጉልጉል እያለ ይነሳል፣ ይወድቃል። በጠርዙ መውጣት ጀምሯል።

"ዛሬስ ሂድልኝ ባለ ጨርቅ፤ እንግዳ አለብኝ" አሉ ማዘር።

"አውቃለሁ ማዘር" ልል ነበር፣ ዋጥኩት። የአሸዋ ጆንያ ጎትቼ ጫንኩበት። አልበቃም። ሌላ ጨመርኩ። አሁንም ይነሳል። ሌላ ከባድ ነገር ስፈልግ ራሴን አገኘሁ። ላዩ ላይ ቁጭ አልኩ። ጸጥ አለ።

በሩ ተንኳኳ። አጎቴ ራሱ የሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የቸርች ሽማግሌው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ገቡ። አጎቴ ሲያየኝ ደንዝዞ ቀረ። ማዘር ሰላም እያሉ ሲያስገቧቸው ወደኔ ጎንበስ ብሎ በጥርሱ አወራኝ።

"ቤት ቁጭ በል አላልንህም?"

"ቁጭ ብያለሁ እኮ አጎቴ።"

"ተነስ! እኚህ የሚያክሉ ሰው ቆመው አንተ ትቀመጣለህ? ምን ብለው ያሳደጉት ነው ይበሉን?"

"መነሳት አልችልም።"

"ተነስ አልኩህ፣ ባለጌ!"

እናቴ ትልቅ ሰው ሲመጣ ብድግ እንድል ነው ያሳደገችኝ። ጉልበቴ ራሱ ያውቀዋል። ብድግ አልኩ። ክዳኑም አብሮኝ ብድግ አለ። ቧ አለና የአጎቴ ሱሪ እስከ ጉልበቱ፣ ጫማውም በሙሉ...

"ተቀመጥ!" ጮኹ ማዘር። "ቁጭ በል! እንዳትንቀሳቀስ!"

በዚያ ግቢ ተቀመጥ ስባል የመጀመሪያዬ ነው።

አጎቴ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ገባ። በሩ ክፍት ነው፤ ሁሉን እሰማለሁ። የቸርች ሽማግሌው ጸለዩ፣ ረጅም ነው፤ እኔም ከውጭ አሜን አልኩ። አጥሩ ላይ አንድ አባ ኮዳ መጥቶ ቆመ፤ ያ ራሰ በራ ወፍ ጥቁር ካፖርት እንደለበሰ ሦስተኛ ሽማግሌ ያየኛል። አጎቴ ድምፁን አሳምሮ ጀመረ። ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሥርዓት ያለው ነው፣ ትልቅ ሰው አክባሪ ነው።

"ሥራውስ?" አሉ ማዘር።

"የፕሮጀክት የትራፊክ ኃላፊ።"

"የምን ፕሮጀክት?"

አጎቴ አሳለው። የቸርች ሽማግሌው አልቻሉም፤ "እህቴ፣ ውጭ የተቀመጠው ነው" አሉ።

ማዘር በሩ ላይ ወጡ። ከኋላቸው ልጅቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፤ ትሳቅ ታልቅስ አላውቅም። ማዘር ብዙ አዩኝ። ሥሬ እርጥብ ነው፣ ፊቴ ላይ ምን እንዳለ አልናገርም።

"ብትነሳ ምን ይሆናል?"

"ሳሎንዎ ይገባል ማዘር።"

"እስከ መቼ ነው የምትቀመጠው?"

"አዲሱ ፓምፕ እስኪነሳ።"

"ባይነሳስ ዛሬ?"

ሁልጊዜ የሚመጣልኝ አፍ ነበር፤ ያን ቀን አልመጣም። "እንጃ። እቀመጣለሁ" አልኳቸው።

ተመልሰው ገቡ። ቆይቶ የቦቴው ሞተር ሲያጓራ ሰማሁ፤ ፎርማኑ በኔ ባንዲራ አሳልፎታል፣ እንዲያውም ከኔ ይሻላል አሉ። ከዚያ ደግሞ ሥሬ ያለው ጉልጉልታ ወደ ታች እየራቀ እየራቀ ጠፋ። አዲሱ ፓምፕ ተነስቷል። ድምፁ እንኳን አይሰማም። ለመነሳት ግን ፈራሁ፤ ኢንጂነሯ ራሷ መጥታ "በቃ ተነስ፣ አልቋል" እስክትለኝ ተቀመጥኩ።

ማዘር መጥረጊያ ወረወሩልኝ። "ግቢዬ ሳይታጠብ መልስ የለም" አሉ። ቧንቧውን ስከፍት ውሃ የለም። ሰፈሩ ጨርሶታል፣ አሁን በእውነት ሄዷል። ጀሪካን ይዤ በየቤቱ ለመንኩ። ያቺ ድንች የምትልጠው ሴትዮ "ጫማ ሻጩ መጣ!" ብላ ሰው ጠራችብኝ፤ ግን ቀዳችልኝ። ግቢውን በብሩሽ ፈተግሁት፣ የአጎቴንም ጫማ አጠብኩ። ሽታዬ ስለማያስገባ ማዘር ቡርሳሜውን በሳህን ደጅ ድረስ አወጡልኝ።

ለሽማግሌዎቹ "ሁለተኛ ስትመጡ እሱንም ይዛችሁት ኑ" አሏቸው። ጠያቂውን ይዛችሁ ኑ የሚባል ነገር አጎቴ በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም። ወደ ቤት ስንሄድ ከሽታዬ መራቁን ሳይረሳ "ወይ እሺ ነው ወይ ሊገርፉህ ነው" አለኝ።

እስከ ሁለተኛው ቀጠሮ ቦዩ ተደፈነ፣ ኮብልስቶኑ ተመልሶ ተነጠፈ፣ መንገዱ በሁለቱም ወገን ተከፈተ። ሁሉም ተደሰተ። መንገድ ሲከፈት ባንዲራ የሚይዝ ሰው አያስፈልግም፤ ይሄን ያወቅሁት ሰደርያዋን ስመልስ ነው። ለቀጠሮው አጎቴ አዲስ ሱሪ ሰፋልኝ። ማዘር ፊት ለፊታቸው አስቀመጡኝ፤ በወንበር።

"አሁንስ ሥራህ ምንድነው?"

በመንገድ ላይ የተለማመድኩት ነበር፣ የማማከር ነገር። ልጅቷን አየኋት። "የለኝም ማዘር" አልኳቸው።

"ደንበኛዬ ተመልሷል። የሚያመላልስ ሰው አጥሮኛል" አሉ። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረው እሺ አሉ። እሺ ብለው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ፤ የቸርች ሽማግሌው ወዲያው ጸሎት ባይጀምሩ እኔም አለቅስ ነበር።

አሁን ቁርስ ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሳህን አጥባለሁ፣ ፉል አመላልሳለሁ። ሰርጋችን ከክረምቱ በኋላ ነው። ሐዋሳ ውስጥ እንደኔ ሳህን የሚያጥብ የለም። እጮኛዬ ግን ከሥራ ስትመለስ አንዱን ወደ ብርሃን ታነሳውና "ይሄን ድገመው" ትለኛለች።