ከብሪስቶል የመጣው መልስ

የእንግሊዝ መርከብ ቦስተን ደረሰ በተባለ ማግስት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የመጋቢ ኢሊሁ ቴየር ሳሎን በጎረቤት ሞላ። ልማድ ነው። ከብሪስቶል የሚመጣ ደብዳቤ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ከዚያም ቤት ለቤት እየዞረ ይገለበጣል። ጸሐፊው አምብሮዝ ፔል ሰባኪም ገጣሚም ነው። ከኢሊሁ ጋር አንድም ቀን ሳይተያዩ፣ ባሕሩን መሐል አድርገው እየተጻጻፉ አርጅተዋል።

የምታነበው የኢሊሁ ታናሽ እህት ኬዝያ ናት። ሚስቱ የሞተችበትን ወንድሟን ለጥቂት ወራት ልትረዳ መጥታ እዚያው ቀረች። ሊያገባት የነበረው በርሜል ሠሪው ጆታም ጠብቋት ጠብቋት ሌላ አገባ። የወንድሟ ዓይን ሲደክም እሷ ዓይኑ ሆነች፤ እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። ፔል ወረቀት ለመቆጠብ አንዴ በቁመት ከጻፈ በኋላ በላዩ ላይ አግድም ስለሚጽፍበት፣ ያንን የሸረሪት ድር የመሰለ ጽሕፈት ከእሷ በቀር የሚፈታው አልነበረም።

ባለፈው ዓመት፣ በረዶው ሲጀምር፣ ኢሊሁ ብዕሩን ከእጇ ተቀብሎ፣ በሩን ዘግቶ፣ ከመስመሩ ሥር ማስመሪያ እያስደገፈ ለፔል ራሱ ጻፈ። ይህ እስከ ዛሬ ከልቧ አልወጣም።

«በይ እንግዲህ እትዬ ኬዝያ፣ ጀምሪልን!» አለ የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ሽማግሌ ሎት ሃስኬል፣ ዓይኑን ከፖም ኬኩ ሳይነቅል። «ግጥም ከላከ ግን ዝለዪው። ባለፈው አስተኝቶኛል።»

«አንተን ስብከቱስ መቼ ሳያስተኛህ ቀርቶ!» አለችው ሚስቱ። ሰዉ ሳቀ።

ኬዝያ አነበበች። የብሪስቶልን ዝናብ፣ የፔልን የጉልበት ሕመም፣ ለሠራተኞች የተከፈተውን የማታ ትምህርት ቤት። ወረቀቱን አዙራ አግድም የተጻፈውን ስትጀምር ዓይኗ ከአፏ ቀደመ። «መጸለይ ያቃተው ሰው መስበክ ይችላል ወይ ብለህ ለጠየቅኸኝ...» ይላል።

በሩ የተዘጋባት ለዚህ ኖሯል። ሃስኬል ይህን ከሰማ እሑድ ሳይደርስ ጉባኤ ይጠራል፤ ኢሊሁ መስበክ ካቆመ ደግሞ የተቀመጡበት ቤት የጉባኤው ነው።

«ስለ ፖም ዛፎችህ ለጠየቅኸኝ» አለች፣ «በእኛ በኩል ቅጠል ሳያወጡ ነው የሚገረዙት። ብርሃን የሚከለክለውን ቅርንጫፍ አትዘንለት...» ዕድሜዋን ሙሉ የፔልን አነጋገር ስታነብ ስለኖረች ቃሉ ሳይደናቀፍ ወረደላት።

«እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!» አለች ወይዘሮ ሃስኬል። «ይቺን ለባሌ ልገልብጥለት። ይዣት ልሂድ?»

«የባሕር ውሃ ነክቶታል... አይነበብም።»

«ኧረ አሁን ስታነቢው አልነበር እንዴ?»

«ኬዚ» አለ ኢሊሁ ከጥግ። «እኔ ስለ ፖም አልጠየቅኩትም።»

«ጋሼ፣ በኋላ ለብቻችን ስንሆን...»

«ለብቻችን ስንሆን ታዝኚልኝና ደግሞ ሌላ ታነቢልኛለሽ። ይህን መልስ ስንት ጊዜ ጠበቅኩት። ያለውን አንብቢልኝ።»

አነበበች። «መጸለይ ያቃተው ሰው መስበክ ይችላል ወይ ብለህ ለጠየቅኸኝ፣ ወዳጄ፣ አላውቅም። እኔም ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ቃሉን እላለሁ እንጂ ልቤ ከዚያ የለም። እስክናውቅ አብሬህ እጠብቃለሁ።»

ሃስኬል ሳህኑን አስቀምጦ ባርኔጣውን አነሣ። «እሑድ ሌላ ሰባኪ እናስመጣለን፣ መጋቢ» አለ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። ሚስቱ የኬዝያን ትከሻ ልትነካ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። አንድ በአንድ ወጡ። ደብዳቤውን ልገልብጥ ያለ አልነበረም።

«አላውቅም ነው ያለው?» አለ ኢሊሁ በሩ ሲዘጋ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ የሚለውስ? እንዳይከፋኝ ብለሽ የጨመርሽው አይደለም?»

«አይደለም። በእግዜር!»

«እስቲ ድገሚልኝ» አላት።

ደገመችለት። ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዙሮ፣ አንዲት ቃል ከቀድሞው እንዳትለወጥ እንደሚጠብቅ ሰው ሆኖ ያዳምጣት ነበር።