የሚኒባሱ ሽታ

አምና የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለሁ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ «የቦካ ምግብ ብይ፤ አንጀትሽ ውስጥ ያሉት ጥሩ ጥሩ ባክቴሪያዎች ለልጅሽም ይተርፋሉ» አለችኝ። ይህን የሰሙት የዶርዜዋ አማቴ ከጉድጓድ የወጣ፣ በደንብ የቦካ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው አሸከሙኝ።

ከዶርዜ በሚኒባስ ቁልቁል ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ ሙቀቱ ጨመረ። ሽታው ሚኒባሱን ሞላው። ከፊቴ የተቀመጠው ባለከረባት ሰውዬ መስኮቱን ከፍቶ፣ «ኧረ ምንድን ነው የሚሸተው?» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔ በሐፍረት ልሞት ነው። ጥቅሌን ቀስ ብዬ በእግሬ ወደ ሰውዬው ወንበር ሥር ገፋሁት። አልገባም አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ሌላ የእንሰት ቅጠል ጥቅል ቦታውን ይዞታል።

ሰውዬው ዞረ። ጥቅሌን አየ፣ ሆዴን አየ።

«እህቴ፣ አንቺም ነርሷ አዝዛሽ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ። «የኔዋ ሰባት ወሯ ነው።»