ዳኛ ዳግላስን የሰለቸው ፀጉር አስተካካይ

በእኛ ከተማ በማርሎ ግሮቭ ዴልበርት ክሉግን የማይወድ ሰው የለም። በዓመት አንድ ቀን ግን ከተማው ሁሉ ነቅሎ ወጥቶ ይጮህበታል።

ዴልበርት ፀጉር አስተካካይ ነው። መቀስ መያዝ የተማረው ወታደር ቤት ነው፤ እስከ ዛሬም የአንዳንዱን ሰው ጆሮ ዙሪያ ሲከረክም የወታደር ቤቱ እጁ ያመልጠዋል። ሚስት አላገባም። «ሁለት ጥሩ ምላጭና አንድ ክፉ ድመት አለኝ፤ ሌላ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ቁመቱ አጭር፣ ሆዱ ክብ ነው፤ ድምፁ ግን ጎተራ ያናጋል። ጉድ ያደረገው ይኸው ሰውነቱ ነው።

የበቆሎ በዓላችን ሲደርስ፣ ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆኖ ከመመረጡ ሁለት ዓመት በፊት ሰው «ዳኛ» እያለ ከሚጠራው ከተቀናቃኙ ከዳግላስ ጋር ስለ ባርነት የተፋጠጠበትን ክርክር የጭነት መኪና ላይ ወጥተን እንጫወተዋለን። እውነቱን ለመናገር ሁለቱ ሰዎች ግዛታችንን ኢሊኖይን ሲዞሩ እኛ ዘንድ አልተከራከሩም። ፈረሶቻቸው ግን ከኩሬያችን ውሃ ጠጥተዋል እንላለን። ይህን የሚጠራጠር ሰው ጎረቤት ከተማ ሄዶ ይኑር!

ዳግላስ አጭርና ክብ ነበር። በቃ፣ ዴልበርት ወዴት ያመልጣል? ሊንከን ረጅምና ከሲታ ነበር፤ ትራክተር ሻጩ ሮስኮ ታትልም ረጅምና ከሲታ ነው፣ በዚያ ላይ የራሱን ጢም ያሳደገ። ስለዚህ ይኸው ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው፣ ሮስኮ ሊንከን ሆኖ ይጨበጨብለታል፣ ዴልበርት ዳግላስ ሆኖ «ውረድ!» ይባላል።

ጩኸቱስ ባልከፋ። የከፋው ቃሉ ነው። ዳግላስ ይህ መንግሥት ለነጮች የተሠራ ነው፣ ጥቁሩ እኩያችን አይደለም እያለ የተናገረውን፣ ዴልበርት በዚያ ድምፁ በየዓመቱ መድገም አለበት። የከተማችን ፖስተኛ ኢዛያ ቦንድ ደግሞ ጥቁር ነው። ዓርብ ዓርብ ዴልበርት ዘንድ ይመጣል፤ ፀጉሩን ይቆረጣል፣ ከዚያ ዳማ ይጫወታሉ፣ ሁለቱም ያጭበረብራሉ። ክርክሩ ሊጀመር ሲል ግን ኢዛያ ብድግ ብሎ በበዓሉ ሜዳ ዳር ወዳለው የአሳማዎች በረት ይሄዳል።

«ተቀይመኸኝ ነው?» አለው ዴልበርት አንድ ዓርብ፣ መቀሱን አየር ላይ አቁሞ።

«ኧረ በፍጹም! ጎበዝ ነህ እኮ። እዚያ በረቱ ጋ ሆኜም ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማኛል።»

«ታዲያ ለምን ከሰው ጋር አትቀመጥም?»

«ዴል፣ አሳማዎቹ ስለ እኔ ምንም አስተያየት የላቸውም።»

ዴልበርት ሳቀና ወደ መቀሱ ተመለሰ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፤ አንዲት ጊዜ እንኳ ሊንከንን ሆኖ፣ ኢዛያ ፊቱ ተቀምጦ፣ መናገር። ቃሉን እንደሆነ ከሮስኮ ጎን ተቀምጦ ሲሰማ ስለኖረ ከሮስኮ ይበልጥ ያውቀዋል። ችግሩ፣ በእኛ ከተማ የተዋናይ ቦታ እንደ መቃብር ቦታ ነው፤ አንዴ የያዘው አይለቅም።

ስለዚህ ተንኮል አሰበ።

የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሚስ ፕሩደንስ ኦልኮት ናቸው። የከተማውን ግማሽ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው፤ ዛሬም ሰውን የሚጠሩት ሊቀጡት ይመስል በሙሉ ስሙ ነው።

«ሚስ ኦልኮት፣» አለ ዴልበርት በስብሰባው ላይ መልአክ መስሎ፣ «ሊንከን ጢም ያበቀለው ፕሬዚዳንትነቱን ካሸነፈ በኋላ አይደል እንዴ?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ… በክርክሩ ጊዜስ?»

ሚስ ኦልኮት መነጽራቸውን አወለቁ። ይህን ሁሉ ዓመት ለጢማም ሊንከን ሲያጨበጭቡ ኖረዋል። ጆሯቸው ቀላ።

«ሮስኮ ታትል!»

«አቤት!»

«ተላጭ!»

ሮስኮ ሊነጥቁት የመጡ ይመስል ጢሙን በሁለት እጁ ያዘ።

ዴልበርት ሮስኮ እንደማይላጭ እርግጠኛ ነበር። ጢሙን የሚከረክምለት እሱ ነዋ! በዚያ ጢም ሥር ምን እንዳለ ከእግዜርና ከዴልበርት በቀር የሚያውቅ የለም። ምን አለ? ምንም! አገጭ የሚባል ነገር የለም፤ ከታችኛው ከንፈር ቀጥታ ወደ አንገት ነው። ሰውዬው ሊንከንነቱን ይለቃል እንጂ ይህን ለዓለም አያሳይም።

በማግስቱ ጠዋት ሮስኮ በፀጉር ቤቱ የጓሮ በር ሾልኮ ገባ።

«አንተ እባብ!»

«እንደምን አደርክ ሮስኮ።»

«ሆን ብለህ ነው!»

«ታሪክ ነው ወዳጄ፣ እኔ ምን ላድርግ?»

«እሺ፣ ሊንከንን ውሰደው! እኔ ዳግላስን እሆናለሁ። ጢሜን ግን አትነካትም።»

ዴልበርት ሊያቅፈው እጁን ዘረጋ። ከዚያ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ዳግላስም ጢም አልነበረውም! እሱ ራሱ በየዓመቱ ሙልጭ ብሎ ተላጭቶ ሲጫወተው ኖሮ ይህ እንዴት ይረሳል? ሚስ ኦልኮት እንደሆኑ አሁን የሰው ፊት ሲመረምሩ ነው የሚውሉት። ዳግላስ ከሌለ ክርክር የለም፤ ክርክር ከሌለ ሊንከንም የለም።

«ሮስኮ፣» አለ ድምፁን አለስልሶ፣ «መላጨትህ አልቀረም።»

«ሞቼ ነው! ሎሬን ብታየኝስ?»

«ሎሬን ምን ታይሃለች?» አለች ሎሬን። ባሏ በጓሮ ሲሾልክ አይታ በፊት ለፊቱ በር ገብታ ቆማለች። «አገጭህን ነው ከእኔ የምትደብቀው?»

«የምን አገጭ?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ፣ የለህም! ሰባተኛ ክፍል አጠገብህ የተቀመጥኩት ማን ሆነና ነው? እኔ የወደድኩት ያንን ፊት ነው። አንተ ይሄን መጥረጊያ አበቀልክበት፤ ሾርባውን ካንተ እኩል ይጠጣል። ዴልበርት፣ ምን ትጠብቃለህ? ላጨው!»

ዴልበርት ሐሳቧን ሳትቀይር ምላጩን አነሣ። «ቃል ቃል ነው፤ ሊንከን ያንተ ነው» አለ ሮስኮ ከሳሙናው አረፋ ውስጥ።

ሚስ ኦልኮት ሁለቱ ቦታ መለዋወጣቸውን ሲሰሙ «ሊንከን ረጅም ነበር፣ ዴልበርት ክሉግ!» ብለው ትንሽ ተንገራገሩ። ዴልበርት የወተት ሣጥን ላይ ወጥቶ የሊንከንን ረጅም ባርኔጣ ሲደፋ ግን «ከሣጥኑ እንዳትወርድ» ብቻ ብለው አለፉት።

«ዘንድሮ አሳማዎቹ ብቻቸውን ይዋሉ» አለው ዴልበርት ኢዛያን።

«ሊንከንም እኮ እዚያ ክርክር ላይ ሁሉንም አሳምሮ አልተናገረም፤ ነጩ የበላይ ይሁን ያለበት ቦታ አለ» አለ ኢዛያ።

«አውቃለሁ። ያንን እዘለዋለሁ።»

ኢዛያ የቤተ ክርስቲያን ክራቫቱን አስሮ መጣና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ዳግላስ የሆነው ሮስኮ ቀድሞ ተነሣ። ሕዝቡ መጀመሪያ «ማነው ይሄ?» ተባባለ፤ ድምፁን ሲሰማ ግን እንደ ልማዱ አጨበጨበ። ሮስኮ መንግሥታችን ለነጮች የተሠራ ነው አለ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ጥቁሩ እኩያችን አይደለም ሲል አንዳንዱ እጅ መሃል ላይ ቆመ። ሰዉ የምን ቃል እያሞገሠ እንደሆነ ገባው። መድኃኒት ሻጩ ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ።

ዴልበርት ሣጥኑ ላይ ወጣ። ገና አፉን ሳይከፍት፦

«ውረድ! ውረድ!»

ልማድ ነው እንግዲህ። ሰባኪው ሳይቀሩ ጮኹ። ዴልበርት «ሊንከን እኮ ነኝ!» ቢል ማን ይስማው? ኢዛያን አየው። ኢዛያ ተነሥቶ፣ መዳፉን አፉ ዙሪያ አድርጎ፣ ከሁሉም በላይ ይጮሃል፦

«ው-ረ-ድ!»

«አንተም?» አለ ዴልበርት ሊንከንነቱን ረስቶ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ይሄ ደስታ አምልጦኛል! አንድ ጊዜ ልጩህ እንጂ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ዴልበርትም ሣጥኑ እስኪወዛወዝ ሳቀ። ኢዛያ ተቀመጠ፣ እግሩን አነባበረ።

«በል አሁን ተናገር። እየሰማሁህ ነው።»

ዴልበርት ተናገረ። ሰው በእጁ ለፍቶ ያገኘውን እንጀራ ማንንም ሳያስፈቅድ የመብላት መብት እንዳለው፣ በዚህም ጥቁሩ ከዳግላስም፣ ከሊንከንም፣ በሕይወት ካለ ሰው ሁሉ ጋር እኩል እንደሆነ። ጎተራ የሚያናጋውን ድምፁን አልተጠቀመበትም። ዝግ አድርጎ፣ ዓርብ ዓርብ እንደሚያወራው ነው የተናገረው። በቆሎ የምትቀቅለው ሴትዮ ድስቷን ከድና ቀረበች። የተመደበለት ቃል ሲያልቅ ሊንከን በሌላ ከተማ ክርክር የተናገረውን ጀመረ፤ እሱም ሲያልቅ የሌላውን።

ሚስ ኦልኮት ደወል አቃጨሉ።

«ሰዓትህ አልቋል፣ ዴልበርት ክሉግ!»

«ይቀጥል» አለ ኢዛያ፣ ዞር ሳይል።

ሚስ ኦልኮት ደወሉን ድምፅ እንዳያሰማ በመዳፋቸው ይዘው ተቀመጡ። ዴልበርት ባርኔጣውን አስተካክሎ ቀጠለ።