ሰባት መስኮት፣ ሠላሳ አንድ ተማሪ

እትዬ ድገሙን በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት የለም። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው፤ አንድ ቃል ከአፋቸው በትክክል እስኪወጣ ድረስ «ድገሙ!» ማለት አይሰለቻትም። እሷ የምታስተምርበትን ቢሮና እኔ የምሠራበትን ሬጅስትራር የሚለየው አንድ ስስ የችፑድ ግድግዳ ስለሆነ፣ ሳልወድ በግዴ ዓረብኛዋን ስሰማ ኖሬያለሁ። አንድም ቃል ግን አልያዝኩም። ጭንቅላቴ በዚህ በኩል ድንጋይ ነው።

እኩዮች ነን፤ አንተ አንቺ እንባባላለን። ቋንቋውን የለመደችው በወጣትነቷ አራት ዓመት ባሕር ማዶ በሰው ቤት ስትሠራ ነው። «መጀመሪያ የገባኝ ቃል ‹ቶሎ በይ› ነበር» ትላለች እየሳቀች። ስትመለስ ያቋረጠችውን ትምህርት ቀጠለች፤ እየሠራች ተማረች፣ ዲግሪዋን ያዘች፣ በመጨረሻም እዚሁ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነች። የኦንላይን ዓረብኛውን ትምህርት ከአምስት ዓመት በፊት የጀመረችው እሷ ናት፤ ከሥራው ተነስቶ ክፍል መግባት ለማይችል ሰው ብላ።

ዘንድሮ ከምክትል ዲኑ ቢሮ አንድ ደብዳቤ ወጣ። ከሃያ በታች ተማሪ ያላቸው የኦንላይን ትምህርቶች ይዘጋሉ ይላል። የተማሪውን ቁጥር አውጥቼ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ኮምፒውተሩ ዓረብኛ ሰባት አለኝ፣ እኔም ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤው በደረሳት በአምስት ደቂቃ ውስጥ በሬን በርግዳ ገባች።

«ሰባት? ሠላሳ አንድ ተማሪ ነው ያለኝ! ዓይንህ ነው ወይስ ልብህ የታወረው?»

«እኔ ምን ላድርግሽ? የተመዘገበው ሰባት ነው።»

ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ነገሩ የገባት ያኔ ነው። መስመሩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረ፣ የመጀመሪያው ቀን «በየመሥሪያ ቤታችሁ ሰብሰብ በሉና በአንድ ስልክ ግቡ» ብላቸው ነበር። እነሱ ደግሞ ታዛዥ ናቸው፤ ምዝገባውንም እንደዚያው አደረጉት። ከጤና ጣቢያው ስድስት ሰው በአንድ ስም፣ ከሆቴሉ አምስት ሰው በአንድ ስም፣ ሌሎቹም እንደዚሁ። የሁሉንም ስም በደብተሯ ይዛለች፤ ኮምፒውተር ግን ደብተር አያነብም።

«በገዛ እጄ ነው የቀበርኩት» አለች።

አንጀቴን በላችኝ። በራሴም ተናደድኩ። ከችፑዱ ወዲያ የሚደግመው ድምፅ የሰባት ሰው እንዳልሆነ ጆሮ ያለው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ለመጠየቅ አልተነሳሁም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው አልቅሶ ይተወው ነበር። እሷ ደብተሯን ይዛ ምክትል ዲኑ ዘንድ ሄደች። ደብተር ማስረጃ አይሆንም፣ የምዝገባው ጊዜም አልፏል አሏት። በነጋታው ሄደች፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። በሦስተኛው ቀን በራቸው ላይ ወንበር አስቀምጣ የተማሪዎቿን የቤት ሥራ ስታርም ዋለች። ጸሐፊዋ «እትዬ፣ እባክዎ ነገ ይምጡ» ብትላት፣ «ነገም እመጣለሁ፣ ዛሬም አልሄድም» አለቻት። ምክትል ዲኑ ከቢሯቸው ሲወጡ መንገዱን ዘጋችባቸው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ግን አንድ ጊዜ ክፍሌ ገብተው ይዩልኝ። ከዚያ በኋላ ቢዘጉት አንድ ቃል አይወጣኝም።»

«ሐሙስ፣ ግማሽ ሰዓት» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ደንብ ወዳድ ናቸው፤ አንዳንዴ ልዩነቱ አይታይም እንጂ።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ እሳቸው ከእሷ ጎን፣ እኔ ላፕቶፔን ይዤ ከኋላ ተቀመጥን። ስክሪኑ ላይ ሰባት መስኮት ተከፈተ። በየመስኮቱም አንድ ፊት ብቻ።

«እንግዲህ ሰባት ናቸው» አሉ ምክትል ዲኑ።

«ቅረቡ እንጂ! ምን ያሳፍራችኋል?» ብላ ጮኸች። ባለሥልጣን እንደሚመጣ ስለነገረቻቸው ሁሉም ከካሜራው ሸሽተዋል። አንድ ትከሻ ታየ፣ አንድ ግማሽ ጆሮ ታየ።

በዚህ መሀል ከጤና ጣቢያው መስኮት ጩኸት ተሰማ። እነሱ የሚማሩት መርፌ ክፍል ውስጥ፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ነው። አንድ አባት የታመመ ልጁን ታቅፎ፣ ሐኪሙ መርፌ ያዘዘበትን ወረቀት ይዞ ገብቷል፤ የሚናገረው ዓረብኛ ብቻ ነው። በመስኮቱ ፊቷ ይታይ የነበረችው ነርስ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጥላው ተነሳች። ስክሪኑ ላይ የቀረው ጣሪያ ነው፤ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይመጣል። እትዬ ድገሙ ለምክትል ዲኑ በሹክሹክታ ትተረጉማለች።

«ስንት ቀኑ ነው አለችው… ሁለት ቀን አለ… አይዞህ፣ መርፌውን እንወጋዋለን አለችው…»

አባትየው ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ ነገር ደጋገመ። «ቀስ ብለህ ንገረኝ» አለችው። ቀስ ብሎ ነገራት። አሁንም አልገባትም፤ መድኃኒቱን ልትቀዳ የብልቃጡን አንገት ስትሰብር ሰማን። እትዬ ድገሙ ማይክሮፎኗን ለመክፈት እጇን ስትዘረጋ፣ ከወዲያ አንድ ወፍራም የሴት ድምፅ ቀደማት።

«ተይ! እንዳትወጊው! ባለፈው ይኸው መድኃኒት ተሰጥቶት ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሹ ሊቆም ነበር ነው የሚልሽ!»

ከዚያ ሴትዮዋ ወደ አባትየው ዞራ በዓረብኛ አናገረችው። የሰውየው ድምፅ ወረደ። ነርሷ ወረቀቱን ይዛ ወደ ሐኪሙ ስትሮጥ የእግሯ ኮቴ ተሰማን።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉ ምክትል ዲኑ።

«የጤና ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ናት። ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምትቀመጠው።»

«ከሰባቱ ውስጥ አለች?»

«የለችም» አለች እትዬ ድገሙ።

ምክትል ዲኑ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምዝገባውን ክፈተው።»

«ጊዜው አልፏል እኮ» አልኩ፤ ልማድ ሆኖብኝ።

«ክፈተው አልኩህ! ስሟን ጻፍ።»

ሴትዮዋን ወደ ስልኩ አስጠራናት። የሚቆጧት መስሏት ፈራ ተባ እያለች ስሟን ከነአባቷ ነገረችኝ፣ ጻፍኩ። ምክትል ዲኑ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ ሳብ አደረጉና፣ «ከኋላሽ የቆመውስ ማን ይባላል?» አሏት።