የቅድስት ፓራስኬቪ የግራ ዓይን

ከባሕሩ ማዶ መብራት ያየው ዓይኔ፣
… … … … … … ወገኔ።

የሁለተኛውን ስንኝ መሐል ጋሪፋልያ የት እንደጣለችው አታውቅም። የእናቷ ዜማ ነው። የመጀመሪያውን ታንጎራጉራለች፣ የጠፋውን በአፍንጫዋ ታዜመዋለች፣ መጨረሻ ላይ ያችን አንድ ቃል ትይዝና መልሳ ትጀምራለች። ዛሬ ከጧት አንስቶ ከቤቷ እስከ ቤተ ክርስቲያኗ ያለውን ዳገት አራት ጊዜ ወጥታ አራት ጊዜ ስትወርድ ዜማውም አብሯት ወጥቶ አብሯት ወርዷል።

"አንቺ ሴትዮ፣" አላት ባሏ ሲፊስ ከወይን ሐረጉ ጥላ ሥር ሆኖ፣ "በዚህ ሐምሌ ፀሐይ ፍየሎቹ እንኳ ተኝተዋል። ምሳው እየጠበቀሽ ነው።"

"አንተ ብላ።"

"ብቻዬን ስበላ የሞትሽ ይመስለኛል።"

"እንግዲያው ከአሁኑ ልመደው" ብላው አምስተኛውን ዳገት ተያያዘችው።

ጋሪፋልያ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። በቀርጤስ ምዕራብ፣ ካቶ ቭሪሲ በምትባል የወይራ መንደር ተወልዳ እዚያው ተድራ እዚያው ወልዳለች። ርቃ የሄደችው ሃንያ ከተማ ነው፤ እሱም ለጥርሷ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ግን ዓለም ወደ እሷ መጥቷል፤ የቅድስት ፓራስኬቪ ቁልፍ በሽርጧ ኪስ ነውና። ቤተ ክርስቲያኗ ሃያ ሰው ከገባ ሃያ አንደኛው ደጅ ቆሞ የሚያስቀድስባት ናት። ግድግዳዋ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ በቢዛንታይን ዘመን ሠዓሊ እጅ የተሳለ ነው። እንግዳ ይመጣል፣ እሷ ትከፍታለች፣ ጧፍ ታበራለች። እንግዳው ቅድስቲቱ ፊት ይቆማል፤ ዓይን የላትም። በሁለቱም ዓይኖቿ ቦታ የተፋቀ ጉድጓድ ብቻ ነው።

"ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?" ይላል እንግዳው።

"ቱርኮች" ትላለች ጋሪፋልያ። በሩ አጠገብ የቆመው አሮጌ ሰሌዳም እንደዚያው ይላል።

ዛሬ ጧት ግን ዳናኤ ጠየቀቻት። ዳናኤ ከሃንያ የጥንታዊ ቅርሶች ቢሮ የተላከች የሥዕል ጠጋኝ ናት። ሁለት ወር መወጣጫ እንጨት ላይ ተቀምጣ በረጠበ ጥጥና በቀጭን ምላጭ የዘመናትን ጥላሸት ስታነሣ ከርማለች። ዛሬ ትጨርሳለች፤ ከመሄዷ በፊትም ለቅዳሜው ክብረ በዓል የሚቆመውን የአዲሱን ሰሌዳ ጽሑፍ ትጽፋለች።

"አክስቴ ጋሪፋልያ፣" ነበር ያለቻት፣ "በቀኝ ዓይኗ ላይ ያለውን ጭረት ጥላሸት ሞልቶታል፤ የድሮ ነው። የግራው ግን ጥላሸቱን ቆርጦ ያለፈ ነው፣ ሥሩ ነጭ ነው። ቱርኮች ከሄዱ ብዙ ቆይቶ የተፋቀ ነው። የምታውቂው ነገር አለ?"

"ቱርኮች ናቸው፣ ልጄ" አለችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። ዶሮዎቹን ሁለት ጊዜ አበላች። የታጠበ ልብስ ደግማ አጠበች።

ስድስት ዓመቷ ነበር። ዓይኖቿ አብጠው፣ መግል ይዘው፣ ተጣብቀው ቀሩ። ሐኪም ያለው በበቅሎ አንድ ቀን ተሩብ መንገድ ነው። እናቷ ማሪጎ አዝላት ይህንኑ ዳገት ወጣች። ከበሩ ወዲያ በጉልበቷ ሄደች፤ ጋሪፋልያ በጀርባዋ ሆና የእናቷ ጉልበት ድንጋዩን ሲመታ ይሰማት ነበር። ከዚያ ሌላ ድምፅ ሰማች፤ ክርር፣ ክርር። የወይን መግረዣ ቢላዋ ግድግዳ ሲፍቅ ነው። ማሪጎ ብናኙን በሻሽዋ ተቀብላ፣ በመቅረዙ ዘይት ለውሳ ያንን እምነት ለልጇ ዓይን ቀባችው። ቅድስቲቱን "የራስሽን ዓይን ሰጠሻት፤ እኔን ይቅር በይኝ" ስትላት ጋሪፋልያ ሰምታለች። በዘጠነኛው ቀን ቀኝ ዓይኗ ተከፈተ፣ በማግስቱ ግራው። መጀመሪያ ያየችው የእናቷን ያልታጠበ ፊት ነበር።

ኋላ ከከተማ የመጣ መምህር ስለ ሥዕሉ ቢጠይቅ ማሪጎ "ቱርኮች ናቸው" አለች። ቱርኮች ደሴቲቱን ከለቀቁ ስልሳ ዓመት አልፎ ነበር። መንደሩም ዝም አለ። የቀኙን ዓይን የማን አያት እንደፋቀችው ሁሉም በየጓዳው ያውቃልና።

አሁን ጋሪፋልያ በሩ ላይ ቆማ ታለከልካለች። ዳናኤ ኖራና አሸዋ ለውሳ የግራውን ጉድጓድ በትንሽ ማንኪያ እየደፈነች ነው።

"ዓይኑን ትስይላታለሽ?"

"አንስልም፣ አክስቴ። የጠፋውን አንስልም። ድፍኑንም ከሥዕሉ ትንሽ ዝቅ እናደርገዋለን፤ የሚያየው ሰው የጥንቱ መስሎት እንዳይታለል።"

ጋሪፋልያ አግዳሚው ላይ ልትቀመጥ ብላ ተወችው። ልንገራት? እናቴ በሞተች በአርባ ዓመቷ ሥዕል አበላሽ ተብላ ሰሌዳ ላይ ትውጣ? ቁልፉንስ፣ ለውሸታም ልጅ ይተዉላታል? ዝም ልበል? እንግዲያው ቅዳሜ ሕዝብ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ዓይኗን በሰጠችኝ ቅድስት እግር ሥር ውሸቴን ያቆሙልኛል።

"ዳናኤ፣" አለች፣ "ማንኪያውን አስቀምጪው እስቲ።"

ነገረቻት። ቆማ ነው የነገረቻት፣ ከመግሉ እስከ ዘጠነኛው ቀን። ዳናኤ ከመወጣጫው ወርዳ እጇ በኖራ እንደተለወሰ ሰማቻት።

"ዳንሽ ማለት ነው" አለች ዳናኤ።

"ዛሬም መርፌ ያለ መነጽር እሰካለሁ።"

"ይሄንን እንኳ ለቢሮ ብጽፍ ሥራዬን አጣለሁ።" ሳቅ አመለጣት። "በዚህ አገር ሰባት መንደር ጠይቄያለሁ። ሰባቱም ቱርኮች ነው ያሉኝ። ሰሌዳው ላይ 'የመንደሩ እናቶች ለልጆቻቸው ዓይን ፍቀውታል' ብዬ ልጻፍ?"

"እናቶች ካልሽ መንደሩ ሁሉ ሊጣላኝ ቤቴ ድረስ ይመጣል። ግራውን ለእኔ እናት ስጪያት። ማሪጎ ትባላለች፤ ስሟን አትደብቂው። የቀኙን ሌሎቹ ራሳቸው ይንገሩሽ።"

ዳናኤ እርሳስ ፈልጋ ጻፈች።

"ቁልፉንስ?" አለች ጋሪፋልያ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ።

"የምወስነው እኔ አይደለሁም። ግን ካንቺ ወዲያ ማን ሊከፍትልን ነው?"

የተስፋ ቃል አይደለም፤ ግን ዳናኤ ከዚህ በላይ የምትሰጣት የላትም። ጋሪፋልያ ሽርጧን አራግፋ ወረደች። ሲፊስ ሳይበላ ጠብቋታል። ምስሩ ቀዝቅዞ ፊቱ ላይ ዘይት ረግቷል፣ በውሃ የራሰው የገብስ ደረቅ ዳቦ ላልቶ ሊፈርስ ደርሷል።

"እህሳ፣" አላት፣ "ተመልሰሽ ትወጫለሽ?"

"አልወጣም።"

"ምን ሆነሽ ነበር?"

"ወንበሩን ሳበው፤ እየበላሁ እነግርሃለሁ።" ተቀመጠች። ጉልበቷ ከጧት ጀምሮ ገና አሁን ታጠፈ። ኮምጣጤውን ምስሩ ላይ አፈሰሰች፣ ዳቦውን ቆርሳ ነከረች፣ ጎረሰች።